የአባዬ አውራ ጣት

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጧል። ተሳፋሪው ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ሲያስቀምጥለት የእሱ ዓይን በሩ ላይ ነበር፤ ማን ገባ፣ ማን ሳይከፍል ሊሾልክ ነው የሚለውን ይከታተላል። የሳንቲሙን ጉዳይ ለጣቶቹ ትቶታል። መልስ ሲሰጥ እንኳ ቦርሳውን አጎንብሶ አይቶ አያውቅም። ያረጀ፣ ከገበያ የወጣ ሳንቲም እጁ ከገባ ግን ከራሱ ኪስ ይተካና ለራሱ ያስቀረዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰብሳቢ ሆነ፤ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የጎደለውን ፍለጋ በየቅዳሜው ወደ ሳንቲም ነጋዴዎቹ መመላለስ ጀመረ።

ስድስት አልበም አለው። በስድስተኛው ውስጥ በየዓመቱ አንድ አንድ የወጡ የብር ሳንቲሞች በተርታ ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ የአንድ ዓመት ቦታ ብቻ ባዶ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ያቺን የጠፋች ሳንቲም «ጣውንቴ» ነበር የምትላት። አባዬ ከገበያ ሲመለስ ገና ከበሩ ሳያልፍ «እህሳ፣ ጣውንቴ ተገኘች?» ትለዋለች። እሱም ኮቱን እየሰቀለ «ገና እየተኳኳለች ነው» ይላታል።

ዘንድሮ የዓይን ሞራ ጋረደው። ለቀዶ ሕክምና ተራ ይዤለታለሁ፤ ተራው ግን ገና ወራት ይቀረዋል። አንድ ቀን ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ፣ እኔ እያየሁት ክብሩን ላለማጣት ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ይህ ሰው ብቻውን ገበያ ወጥቶ የብር ሳንቲም ሊገዛ ነው። ንዴቴ መጣና በግልጽ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብሬህ እሄዳለሁ። አንድ የሐሰት ሳንቲም የገዛህ ዕለት ግን አልበሞቹን እንሸጣለን፣ አንተም ገበያውን ትተዋለህ።»

«እሺ፣ ቃሌ ነው» አለኝ፣ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ። እንደዚያ መተማመኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ባለፈው ሐሙስ ባለማጉያው የምንለው ሳንቲም ነጋዴ ደወለ። ከነጋዴዎቹ ሁሉ አባዬ የሚወደው እሱን ነው፤ ማጉያ መነጽሩን ሲበላም ሲጸልይም ከአንገቱ አያወልቃትም ይባላል። «አባባ፣ የሚፈልጓት ተገኝታለች» አለው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ደረስን፤ በአንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከሰዓት ሠሪዎቹ አጠገብ ያለች ሁለት ሰው የማታፈናፍን ክፍል ናት። ባለማጉያው አረንጓዴ ጨርቅ አነጠፈ፣ መብራቱን አቀረበ፣ መነጽሩንም ከአንገቱ አውልቆ ለአባዬ ዘረጋለት። ለሰው ሲያውሳት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባዬ መነጽሩን በትሕትና መለሰለት። ሳንቲሟን አነሳና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፣ ልክ አውቶቡሱ ላይ እንደሚያደርገው። የአውራ ጣቱን ጥፍር በጥርሳሙ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ያስኬዳል፤ በአፉ ስለ ሱቁ ኪራይ ይጠይቃል። አንድ ዙር ጨረሰ። በሁለተኛው መሀል ላይ ወሬውን አቋረጠ።

«እዚህ ጋ ጥርሱ ደንዟል» አለ። «ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው፣ ልጄ። ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር በሞረድ በልተውታል።»

ባለማጉያው ሳንቲሟን ነጥቆ መብራቱ ሥር ያዛት። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። «አባባ፣ ይመኑኝ፣ እኔም አምኜ ነው የገዛኋት።»

«አምንሃለሁ። ያንን የሸጠልህን ሰው ግን ሁለተኛ ሱቅህ እንዳታስገባው» አለና ተነሣ።

በመንገድ ላይ አባዬ ደረቱን ነፍቶ ነበር። እኔም ኮርቼበት ነበር፤ ግን እንዳይጠግብብኝ አልነገርኩትም። ቤት እንደገባን «ነይ፣ እውነተኛ ጠርዝ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ» ብሎ ከመጀመሪያው አልበም ትልቋን አወጣ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቦነሱን በሙሉ አፍስሶ፣ አሁን በሕይወት ከሌሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የገዛት ናት። ስትገዛም በጠንካራ ላስቲክ ታሽጋ ነበር። የጣት ላብ ብር ያበላሻል ብሎ አንድም ቀን ከፍቷት አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን እሷን ሳያሳይ አይሸኝም። ዛሬ ለእኔ ሲል ማሸጊያውን በመፍቻ ፈልቅቆ አወጣት።

አውራ ጣቱ መዞር ጀመረ። ቆመ። ደግሞ ዞረ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ያን ፊቱን ከአንድ ሰዓት በፊት ሱቁ ውስጥ አይቼዋለሁ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ብቻ ስስማት ኖሬ» አለ ቀስ ብሎ። «እናትሽ ብትሰማ እንዴት አድርጋ ትስቅብኝ ነበር።»

ከዚያ ስድስቱን አልበሞች አንድ በአንድ አንሥቶ እኔ ፊት ከመራቸው። «ቃሌ ነው። የሐሰት ሳንቲም ገዝቻለሁ። ሽጫቸው» አለኝ።

ወር ሙሉ ገበያውን ተው እያልኩ ስጨቀጭቀው የከረምኩበት ነገር እጄ ላይ ወደቀ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም። ያለዚህ ነገር አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ የት ይሄዳል?

«ስትገዛት ዓይንህ ደህና ነበር?» አልኩት።

«እንደ ንስር።»

«በጣትህስ ነክተሃት ነበር?»

«አልነካኋትም።»

«እንግዲያው ያሳሳተህ ዓይንህ ነው። እኔ የተዋዋልኩት ከጣትህ ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ሁለቴ ዳስሶ አንዴም አልተሳሳተም» ብዬ አልበሞቹን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁ።

አልበሞቹን ወደ ጎን አደረጋቸው። ከዚያ እጄን ያዘና አውራ ጣቴን የሐሰቷ ሳንቲም ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። «እስቲ አንቺ ፈልጊው» አለኝ። በመጀመሪያው ዙር አጣሁት፤ በሁለተኛውም። በሦስተኛው ጥፍሬ አንድ ቦታ ላይ ሳይደናቀፍ አለፈ፤ ጥርስ የለም።

«እዚህ ጋ» አልኩ።

«ቅዳሜ በጊዜ ተነሺ» አለኝ።