እትዬ ዘሪቱ ያረሙልኝ ደብተር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በጠጠር ስትሰብር ደረስኩባት። መርዝ ነው ብዬ ነጠቅኳትና እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኳት። ጣቷ ላይ የቀረው የጥቁሩ ዱቄት ሽታ ግን አልለቀቀኝም። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለው የልጅነት ትምህርት ቤቴ ይዞኝ ሄደ።

እዚያ ሰሌዳችንን የምናጠቁረው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጥቁሩን ፈጭተን፣ ከዱባ ቅጠል ጋር አሽተን እንቀባዋለን። የአምስተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪያችን እትዬ ዘሪቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውን ይቀቡ ነበር። የሹራባቸው ጫፍ ከዓመት ዓመት ጥቁር ነው።

አንድ ቀን በዚያ ሰሌዳ ላይ «ዝናቡ ባይቀር ኖሮ ገብሱ ያፈራ ነበር» ብለው ጻፉ።

«ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋችሁ አስቡ። እንዲህ ያለ አምስት አምስት ጻፉልኝ» አሉን።

አንዱ ልጅ ተነስቶ «በቅሎ ብሆን ኖሮ ትምህርት ቤት አልመጣም ነበር» አለ።

«አሁንስ ከበቅሎ በምን ትለያለህ?» አሉት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አራቱን ስለ በግና ስለ ዝናብ ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ ግን «አባቴ ባይድረኝ ኖሮ እስከ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር» የሚል ከእጄ ወጣ። ለሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሠርጉ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

እትዬ ዘሪቱ በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ደብተሬን ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ደጅ ተቀምጧል። አረፍተ ነገሩን አነበቡለትና «እባክዎ፣ ትማር» አሉት።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ያንቺ ሐሳብ ነው?»

ፈራሁ። «ለምሳሌ ነው። እሳቸው ናቸው ጻፊ ያሉኝ» አልኩ።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እትዬ ዘሪቱ አዩኝ። አንድ ቃል ቢናገሩ ውሸቴ ይወጣ ነበር። የአባቴን ፊት አዩና «እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት» አሉ።

«ፊደል አስቆጥሩልን ብለን ነው አንቱን ያመንን» አለ አባቴ። «ልጅ አባቷን እንድትከስ አስተምሩልን አላልንም!»

ወሬው አገር ለአገር ዞረ። ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ያስቀሩ ወላጆችም ነበሩ። እኔም ተዳርኩ። ዓመቱ ሳያልቅ እትዬ ዘሪቱ ፍራሻቸውን ጠቅልለው በገብስ ጭነት መኪና ወደ ደጎሎ ሄዱ። ከባሌ ቤት አጥር ውስጥ ሆኜ አየኋቸው። ወጥቼ አልተሰናበትኳቸውም።

ደብተሬን በጎረቤት ልጅ ልከውልኝ ነበር። አምስተኛው አረፍተ ነገር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርገዋል። ሌላ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ቅጠሉን ሁሉ ገለጥኩ፤ የለም።

ልጄ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት። ማረም ባልችልም ደብተሯን በየቀኑ እያንዳንዱን ፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ። ትናንት «እናቴ ባትፈራ ኖሮ ከጓደኞቼ ጋር ወንዝ እወርድ ነበር» የሚል አገኘሁ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ለምሳሌ ነው፣ እማ» ብላ ሳቀች።

አላስማልኳትም። የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ለምሳሌም ይሁን፤ ንገሪኝ» አልኳት።