እሾህ ለቃሚዋ አማቴ

አማቴን በሰፈራቸው «መርፌ» ነው የሚሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ይወጋል። እኔም ነገር የምሸሽ ሰው አይደለሁም። ሁለታችን አንድ ማዕድ ቤት ከገባን ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል።

ያን ቅዳሜ የመጡት ለፈተና ነበር ማለት ይቻላል። ሰኞ ወደ ሥራ ልመለስ ነው። ልጃችንን፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን፣ ማን ይያዝልን? ባለቤቴ «እናቴ እያለች ልጄን ለባዳ አልሰጥም» ብሏል። እሳቸውም የስፌት መኪናቸውን «ዓይኔ ደከመ» ብለው ከሸጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበርና ሰኞ እስኪደርስ ቸኩለዋል። «ዓሣና ድንች ጠፍጥፌ ልጥበስላት፤ አባቷም ያደገው በሱ ነው» ብለው መጡ።

ዓሣውን ቀቅለው፣ እሾኹን ለቅመው፣ ከድነው አስቀመጡት። «እሾህ በዓይን አይለቀምም። የኔ ጣት ዓይን አለው» እያሉ ድንቹን መፈቅፈቅ ጀመሩ። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ባሏ በወፈረ ቁጥር «ሱሪውን አጠበብሽው» እያለች ስለምትጣላቸው ደንበኛ እያወሩ ያስቁኛል።

ሳቄን ሳልጨርስ ዓይኔ ጎድጓዳው ሳህን ላይ አረፈ። ድንቹ ቀልቷል። መፈቅፈቂያው የጣታቸውን ቆዳ ልጦታል፤ ደሙ ይንጠባጠባል። እሳቸው ግን ወሬያቸውን ይዘው ይፈቀፍቃሉ።

«እማማ፣ እጅዎ!»

አዩት። አዩት እንጂ አልተሰማቸውም ነበር። እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ወሸቁት። «ጭረት ናት። ድንቹን ድፊው፣ ሌላ እፈቀፍቃለሁ።»

ዓሣውን የለቀመው ያው ጣት ነው። ቁስላቸውን የሚያስሩበት ጨርቅ ሊያመጡ ሲወጡ ክዳኑን አንስቼ እጄን ሰደድኩ። ወዲያው ወጋኝ። እንደገና ስዳብስ ሌላ አገኘሁ፤ ከዚያም ሌላ። ሲመለሱ እሾኾቹን ጨብጬ ቆምኩ።

ብናገር ልጃቸው ፊት ማዋረድ ነው። ዝም ብል የልጄ ጉሮሮ ነው። ስንቱን ያስቀየመ ምላሴ ያን ቀን ተሳሰረ። አዘንኩላቸው፤ ደግሞ ተናደድኩባቸው። ልጄ እንደማትቀምሰው ለራሴ ምዬ፣ ሲለውሱት፣ ሲጠፈጥፉት፣ ዘይት ውስጥ ሲጨምሩት ቆሜ አየሁ።

ባለቤቴ ሽታው ጠርቶት ልጅቷን ታቅፎ መጣ። ከተጠበሰው አንዱን ቆርሶ «እፍ» አለና ወደ አፏ አስጠጋ። ዘልዬ ከእጁ ነጠቅኩት።

«ምን ሆነሻል? ደግሞ ጀመርሽ? እናቴ የሠራችውን...»

«ተዋት!» አሉ አማቴ ከምድጃው አጠገብ። «ልክ ናት። እሾኹን አልለቀምኩትም።»

«አንቺ? ቀልድሽን ተዪ እንጂ እማዬ» ብሎ ሳቀ።

አማቴ ባዶ እጃቸውን ወደ መጥበሻው ሰደው አንዱን ከፈላው ዘይት አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩት። ዘይቱ ይንጫጫል። ፊታቸው እንኳ አልተኮማተረም። ባለቤቴ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እጃቸውን መትቼ ጥብሱን ጣልኩት።

«የስኳር በሽታዬ እግሬን አደንዝዞ ወደ እጄ ከወጣ ቆየ» አሉ። «መኪናዬን የሸጥኩት በዓይኔ የተነሳ አይደለም። መርፌው ጣቴን ሲበሳው አይሰማኝም ነበር። ሰኞ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ጎትቼ ወደ ቧንቧው ወሰድኳቸው። መዳፋቸው እያየሁት ውሃ ይቋጥራል። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው አያለቅሱም። ልጃቸው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው?»