ለፈረሱ ነው

አባቴ ሰው አስታርቆ ገንዘብ አይቀበልም። ከሚያስታርቃቸው ሰዎች ቤትም እህል ውሃ አይቀምስም። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። ነገሩን አብርዶ ሲጨርስ ማዕድ ቢቀርብም ጋቢውን አስተካክሎ ይነሳል። «ከበላሁ ላጎረሰኝ አደላለሁ» ይላል። ሰው ደግሞ ውለታ ተሸክሞ መኖር ይከብደዋል። ስለዚህ መላ ተገኘና ስጦታው ሁሉ ወደ ፈረሱ ዞረ።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ። ከእርሻችን የተረፈን እሱ ብቻ ነው። መሬታችን ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ አባቴ በኮዬ ፈጬ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ፈረሱን ሽጠው ቢሉት ግን አልሰማም፤ አቃቂ ካለው ግቢያችን ጥግ ጋጣ ሠራለት። ጋሪ አይጎትትም፣ ሰው አይጫንበትም፤ ሥራው መብላት ብቻ ሆነ። የታረቀ ሰው ፉርሽካ በጆንያ ተሸክሞ ይመጣና «አባባ፣ ለእርስዎ አይደለም፣ ለፈረሱ ነው» ይላል። ጠላ የጠመቀ አተላውን፣ ዳቦ የሚሸጥ ያደረ ዳቦውን ያመጣል። አባቴ በራሱ ስም የመጣውን ሁሉ እምቢ ይላል፤ በፈረሱ ስም ለመጣው ግን አፉ ይያዛል።

እኔ ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጠዋት ሰርቪስ ይወስደኛል፣ ወደ ማታ ይመልሰኛል፤ በተመለስኩ ቁጥር ፈረሱ ውፍረት ጨምሮ ይጠብቀኛል። ጎኑ ቢዳበስ የጎድን አጥንት የሚባል ነገር አይገኝም። ማጅራቱ ላይ የተከመረው ስብ ጠንክሮ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። አባቴን ይሄ ፈረስ ከመጠን በላይ ወፍሯል ብለው «አታሟርቺ» አለኝ። ጎረቤቱም «ያምርበታል» እያለ ያልፋል። በእኛ ሰፈር የሚያሳፍረው የከሳ ፈረስ ነው፤ በጥጋብ የሚታመም ፈረስ አለ ብትል ማን ይሰማሃል?

በፋሲካ ሰሞን ነገሩ ባሰ። ቤቱ ሁሉ አተላ ተርፎት ነበርና ሁሉም ፈረሱን አስታወሰ። ከሁሉም የበረቱት ግን ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ከወሎ የመጡ፣ በአንድ አይሱዙ እህል የሚያመላልሱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ተኳርፈው በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል፤ አባቴ በበዓሉ ዋዜማ አስታረቃቸው። ከደስታቸው ብዛት ጢም ያለ ጆንያ ፉርሽካ አመጡ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ፈረሱ ከጋጣው አልወጣም። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ቆሟል። አንዱን እግር ያነሳል፣ ያሳርፋል፣ ሌላውን ያነሳል። አባቴ አየውና «ጠግቦ ነው፤ ይንሸራሸር» አለ። ጎትቶ ኮብልስቶኑ ላይ አወጣው። ፈረሱ እሾህ ላይ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው እየሰጋ ተራመደ፤ ሊያዞረው ሲል ጭራሽ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ሚስማር ወግቶት ነው አለ፣ ሌላው በጋለ ብረት ይተኮስ አለ፣ አንዷ ደግሞ ዓይን ነው ብላ አማተበች። እኔ ዝቅ ብዬ ሰኮናውን ያዝኩ። ይሞቃል። ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር ጣቴ ሥር በኃይል ይመታል።

አባቴን ሳላስፈቅድ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሟ የሰኮናውን ጫፍ በጉጠት ጫን ስታደርገው ፈረሱ እግሩን ነጠቃት። ሰኮናውን ከውስጡ አጥንት ጋር አጣብቆ የያዘው ሥጋ ተቆጥቷል አለችን፤ ያመጣውም ውፍረቱና ሰሞኑን የበላው ሳይሆን አይቀርም። መያዣው ከላላ አጥንቱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ፈረሱን ማዳን አይቻልም። የሕመም ማስታገሻ ወጋችው፣ ሰኮናውን በቀዝቃዛ ውሃ እንድንዘፈዝፍለት አዘዘችን። አታስኬዱት፣ ሥሩን ለስላሳ አንጥፉለት፣ ፉርሽካና ዳቦ እርም ይሁንበት አለች። ግን ጨርሶ አታስርቡት፤ እንዲህ የወፈረ ፈረስ በድንገት ከተራበ ሌላ በሽታ ይጥለዋል። ድርቆሽ ተመዝኖ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ ውሃው ተደፍቶ ይሰጠው።

የእኔ መከራ ከዚያ ጀመረ። ከሳሪስ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አስጭኜ ጋጣውን ሞላሁ። ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት ድርቆሽ እመዝናለሁ፣ እዘፈዝፋለሁ፣ እጄ ቆስሎ ሥራ እገባለሁ። «ፈረሱን አትመግቡ» ብዬ በር ላይ ለጠፍኩ። ሰው አንብቦ ሳቀ፤ «የሽማግሌው ፈረስ ዳይት ገባ» ተባለ። አንዳንዱ ደግሞ ድሃ እንስሳ በረሃብ ሊገሉት ነው እያለ በአጥር ላይ ዳቦ ወረወረ። የማንን እጅ ልያዝ? ስንቱንስ ልለምን?

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ስመለስ ፈረሱ ከንፈር ላይ ፉርሽካ አየሁ። ማን እንደሰጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አባቴ ጋቢውን ማስተካከል ጀመረ። ፉርሽካውን ያመጣው ሰው ቆሞ ሲያየኝ ጊዜ እፍኝ ብቻ ነው የሰጠሁት አለ፤ ስጦታውን ፊቱ ላይ መመለስ እርቁን መመለስ ነው አለ። እዚያው ጋጣ ውስጥ ጮህኩበት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

የፈረሱ ሕመም አገረሸ። ሐኪሟ መጥታ ሰኮናውን ዳብሳ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከተደገመ የምመጣው ልገላግለው ነው።»

አባቴ ጋጣው ውስጥ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ፤ እስክትሄድ ቀና አላለም።

ከዚያ በኋላ ታላቅየው ወንድም ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይዞት እንዲመለስ ለመነው። የፈረሱን ሕመም አስረዳው። ሰውየው ግን የሰማው ስጦታው መመለሱን ብቻ ነው። ሳይውል ሳያድር ሽማግሌው ከእርቁ እጃቸውን አነሱ ተባለ። ታናሽየው፣ አንተ ለሽማግሌው ብታማኝ ነው አለ፤ ታላቅየው፣ አንተ ነህ እንጂ አለ። አይሱዙው በራቸው ላይ ቆመ። ንዴቴን ምን ልበለው? የፈረስ እግር ለማዳን ወንድማማች ማጣላት ነበረብን?

በእረፍት ቀኔ አባቴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እሱ ስለ ሰኮናው አስረዳ፣ እኔም አስረዳሁ። የታላቅየው ሚስት ለወጉ ያህል ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ እንደማይነካው ታውቃለች። ታላቅየው መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«አባባ፣ ከቤታችን ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። የሚቀበሉን ያቺን ፉርሽካ ነበር። እሷም ከቀረች እኛንና እርስዎን ምን ያገናኘናል?»

አባቴ ዳቦውን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ሰደደ፣ ቆረሰ፣ በላ። ታናሽየው ተነስቶ ሻዩን ቀዳለትና ለወንድሙም ቀዳ።

በማግስቱ አይሱዙው ሥራ ወጣ። አባቴ ግን ከዚያ ቤት እንደተመለስን ቀጥታ ጋጣ ገብቶ ፈረሱን ያናግር ነበር።

«ዕድሜ ልኬን ሳልቀምስ አስታርቄያለሁ። ዛሬ ላንተ ኮቴ ብዬ በላሁ።»

አንድ ቁራሽ ዳቦ ማን ይቆጥርብሃል አልኩት። «እኔ እቆጥረዋለሁ» አለኝ።

ፈረሱ ቀስ በቀስ ከሳ። ሰኮናው ተሞረደ፣ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ጎኑን ስዳብስ አጥንቱ እጄ ላይ ይመጣ ጀመር። ሰፈሩ በድህነት ያከሳነው መስሎት ያዝንልናል፤ ይዘንልን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከኮዬ ፈጬ አንድ ሰውና እህቱ መጡ። በእናታቸው ቤት ውርስ ከታላቃቸው ጋር ተጣልተዋል፤ አባቴ እንዲያስታርቃቸው ይፈልጋሉ። አባቴ ሌላ ሰው ፈልጉ አላቸው። ተንገበገብኩ። እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም፣ ከቤታቸውም አልበላም፤ ምን ያግደዋል? ሰዎቹ እየሰሙ ጠየቅሁት። የበላ ሰው አንዴ በልቷል፤ ከእንግዲህ አስታራቂ አይሆንም አለ።

ይሄኔ ፈረሱ ከጋጣው ወጣ። ከፋሲካ ወዲህ ራሱ ወደ በሩ መጥቶ አያውቅም ነበር። አራቱንም እግሮቹን እኩል እያሳረፈ ኮብልስቶኑን ተሻገረና አፍንጫውን ሴትየዋ የያዘችው ፌስታል ውስጥ አስገባ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ዳቦ አወጣች።

«ለፈረሱ ነው» አለች።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ዳቦውን ተቀበላት። ቆረሰና በሰዎቹ ፊት ራሱ በላው፤ «ከታላቃችሁም ቤት እበላለሁ» አላቸው፤ እኔና ፈረሱ ቆመን አየነው።