«ኧረ ተው» የሚለኝ ሳጣ

አገር ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኮሎምበስ ከመጣሁ ወዲህ ግን ኑሮዬ ሪከንባከር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን መጫን ሆነ። ኮቪድ ገብቶ ሠራተኛ ሲጠፋ አንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት በረዳትነት ፓርት ታይም ቀጠረኝ። በዓመቱ፣ ሰመር ላይ፣ ዳይሬክተሯ ጠርታ «የሙዚቃ መምህራችን ለቋል። የመምህራኑን ሥልጠና ውሰድ፤ አሠልጣኟ በጎ ከመሰከረችልህ ክፍሉ ያንተ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት አለ! ወገቤ ካርቶን በቃኝ ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከወገቤም በላይ ማስተማር ናፍቆኝ ነበር።

ከየትምህርት ቤቱ የመጣን የሙዚቃ አስተማሪዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። የሥልጠናው ጉዳይ፣ አፋቸውን የሸፈኑ ልጆች መዘመር ሲያቅታቸው ሙዚቃ እንዴት ይማሩ የሚል ነው። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዳችን ለሌሎቹ አጭር ትምህርት እንሰጣለን፤ ስንጨርስ ደግሞ አሠልጣኟ አስተያየት ከመስጠቷ በፊት የራሳችንን ሥራ ራሳችን እንገመግማለን።

ከኔ በፊት የቀረበችው፣ እንደኔ ገና የራሷ ክፍል የሌላት ወጣት ፈረንጅ መሃል ላይ ምቱ ጠፋባት። ፈልጋ እስክታገኘው ሁላችንም ተጨነቅን። ሲያልቅ ግን ቀጥ ብላ «ስህተቴን ያረምኩበት መንገድ ያኮራኛል። ከልጆች ጋር መግባባት ተሰጥኦዬ ነው» ብላ ቁጭ። ወይ ጉድ! ራሷን በራሷ! እኔ አፈርኩላት።

ተራዬ ደረሰ። የቀለም ባልዲ ገልብጠን መሬት ላይ ደረደርንና ችክችካ አስጀመርኳቸው። መጀመሪያ ቀኝና ግራ እጃቸው ተጋጨባቸው፣ ተሳሳቁ፤ ቆይቶ ግን አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ መታ። አሠልጣኟ ሳትቀር ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ምን እደብቃለሁ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«እንዴት አገኘኸው?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት፣ በዚያው በእንግሊዝኛዬ። «ገና ተማሪ ነኝ። ያን ያህልም አይደለም።»

ከዚያ መልሷን ጠበቅኩ። የኛ ሰው ቢሆን ገና ሳልጨርስ «ኧረ ተው! ምን ማለትህ ነው?» ይለኝ ነበር፤ እኔም ትንሽ ተግደርድሬ ምስጋናውን እቀበል ነበር። አንተ ራስህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ሰው ከፍ ያደርግሃል፤ ደንቡ ይኸው ነው። አሠልጣኟ ግን በሐዘኔታ አየችኝ። «ስለ ሐቀኝነትህ አመሰግናለሁ» አለች። ሌሎቹም አጨበጨቡልኝ፣ ለሐቀኝነቴ!

ሬይኖልድስበርግ ቤቴ ገብቼ ስነግራቸው ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «ዳድ! ዋይ ዉድ ዩ ሴይ ዛት?» ለምን እንደዚያ ትላለህ ማለቷ ነው። ሚስቴ ግን ወዲያው ገብቷታል። «ሲግደረደሩ ጦም ያድራሉ» ብላ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። ራት አልበላሁም።

በሳምንቱ ዳይሬክተሯ ኮል አደረገችኝ። አሠልጣኟ «ገና በራሱ አይተማመንም፣ አንድ ዓመት በረዳትነት ይቆይ» ብላለች። ክፍሉ ለዚያች ምት ለጠፋባት ወጣት ተሰጠ፤ እኔ የሷ ረዳት። ኤዲያ! ተንገበገብኩ። አሠልጣኟ ዋሸችብኝ እንዳልል፣ የራሴን ቃል ነው መልሳ የሰጠችኝ። ጠዋት ከወጣቷ መምህርት ጋር፣ ከሰዓት ከካርቶኑ ጋር ሆንኩ።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ባልዲ ስንደራርብ ወደኔ ዞረች። ክፉ ልጅ አይደለችም። «እውነቱን ልንገርህ፣ ከበሮ ላይ ደካማ ነኝ» አለችኝ። ደካማ ነበረች። ያን ቀን እንኳ ምቱ ጠፍቶባት ልጆቹ ግራ ሲጋቡ፣ ከኋላ ሆኜ ባልዲዬን እየመታሁ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ኧረ ተይ! ምን ማለትሽ ነው? በጣም ጎበዝ ነሽ እንጂ!»

ከማስኩ በላይ ዓይኗ በራ። ወዲያው አመነችኝ።