የሰጠመችው ግራጫ ፍሬ

በላቦራቶሪው ኮሪደር የሚመላለሱ ሁሉ ከጀርባዋ «እሬት» ይሏታል። እሷም ታውቃለች። ደንበኛ ክፍሏ ገብቶ ገና «እንደምን...» ከማለቱ «ወደ ኋላ!» ብላ ትጮህበታለች። ሰው ትዕቢት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የፕላስቲክን ማንነት የምትለይበት መሣሪያ የሚሠራው ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ጨረሩ ናሙናው ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ፕላስቲክ ለራሱ የሚሆነውን ይውጣል፤ የተዋጠውም ስክሪኑ ላይ ሸለቆ ሆኖ ይሣላል። አጠገቡ ሰው ከተነፈሰ ትንፋሹም አብሮ ይሣላል። እስቲ አስቡት፣ የሰው እስትንፋስ ሸለቆ ሲቆፍር! እሬት እድሜዋን ሙሉ ትንፋሽ ስታባርር ኖራለች፤ ሰው ማባረሩም በዚያው ለምዶባት ቀረ።

አንድ ጠዋት የጀሪካን ፋብሪካ ባለቤት ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬዎች በከረጢት ይዞ መጣ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ከኋላው ቆሟል። እሬት ሠራተኛውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። የቀድሞ ባሏ ነው። ከተፋቱ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዳቸው ወደ ማዶ ይሻገራል።

«ይሄ ሰውዬ ያለ ፈቃዴ ማሽን አቆመብኝ» አለ የፋብሪካው ባለቤት። «ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ይሄ ነገር ፒቪሲ፣ የቧንቧ ፕላስቲክ ነው ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳደመብኝ። ሻጩ ደግሞ ንጹሕ ፖሊኢትሊን፣ ትክክለኛው የጀሪካን ፕላስቲክ ነው ብሎ ምሎልኛል። ፖሊኢትሊን ከሆነ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ።»

«ፒቪሲ ከሆነስ?»

«ከሆነማ...» ባለቤቱ ትከሻውን ሰበቀ። ፒቪሲ በጀሪካን ማሽን ውስጥ ሲግል አሲድ ይተፋል፤ ብረትም ሳንባም ይበላል። ይህን ሦስቱም ያውቁታል።

«ላቦራቶሪ ሞልቶ ለምን እኔ ጋ አመጡት?»

ባለቤቱ ፈገግ አለ። «አንቺ እሱን በደንብ ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ።»

«ጋሼ፣ ለእሷ ከምትሰጠኝ ለጅብ ብትሰጠኝ ይሻለኝ ነበር» አለ ሠራተኛው።

«ጅብ እንኳ አሽትቶህ ያልፋል» አለች፣ ዞራም ሳታየው።

ናሙናው የሚቀመጥበትን ትንሽ ክሪስታል በአልኮል ጠረገች። መጀመሪያ ባዶውን አየር ለካች፤ ቀጥላ አንዷን ፍሬ አስቀምጣ በመሣሪያው ክንድ ተጫነቻት። ባለቤቱ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አሰገገ። «በይ ቶሎ በይ! ሥራ ፈት መሰልኩሽ እንዴ?» ሲል ስክሪኑ ላይ ሜዳ በነበረው ቦታ ጉድጓድ ተቆፈረ።

«ይሄ እርስዎ ነዎት» አለች በጣቷ እያሳየች።

«ምኑ?»

«ትንፋሽዎ። ውጡልኝ! ሁለታችሁም!»

ብቻዋን ሆና እንደገና ለካች። በግራ በኩል መንታ ጥልቅ ሸለቆ፣ ከዚያ ረጅም ባዶ ሜዳ። ኮምፒውተሩ ከሚያውቃቸው ፕላስቲኮች ጋር አስተያይቶ «ፖሊኢትሊን» ብሎ ጻፈ።

ደስ አላት። የቀድሞ ባሏ የሥራ ልብሱን ጠቅልሎ ከፋብሪካው በር ሲወጣ ታያት። ስትጥለው ግን መልሶ እንዳይነሳ አድርጋ መጣል አማራት፤ «ናሙናው ቆሻሻ ነበር» የሚል ሰበብ እንኳ እንዳይተርፈው። ስለዚህ ሌላ ፍሬ አጥባ ልትለካ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለች።

ፍሬዋ ሰጠመች።

ፖሊኢትሊን ከውሃ ይቀላል፤ ይንሳፈፋል። እሬት በወረንጦ ወደ ላይ አነሳቻት። ተመልሳ ሰጠመች። «ተንሳፈፊ እንጂ፣ አንቺ መናጢ!» አለቻት። ፍሬዋ ከብርጭቆው ግርጌ አልተነቃነቀችም።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ብርጭቆውን መድፋትና ፖሊኢትሊን የሚለው ውጤት ላይ መፈረም ብቻ ነበር የቀራት። እስክርቢቶውን አነሳች። «ለእሱ ብዬ ልዋሽ?» ብላ አሰበች። ለዚያ ሰው ብላ አንዲት ጣቷን አታነሳም፤ ለመጉዳትም ቢሆን። የማይረባ ሰው ነው፤ ውሸቷ እንኳ ይበዛበታል።

እየተራገመች ምላጭ አወጣች። ፍሬዋን ለሁለት ሰንጥቃ የተቆረጠውን ገጿን ክሪስታሉ ላይ አሳረፈች። ጨረሩ ከናሙናው ቆዳ አልፎ ብዙ አይዘልቅም። ቅድም ያነበበው ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ የተቀቡትን ሰም ነበር፤ ሰሙም የፖሊኢትሊን ዘመድ ነው። አሁን ግን መስመሩ ሌላ አገር ሆነ። በቀኝ ጫፍ፣ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በሚታወቅበት ቦታ፣ ሰፊ ገደል ተከፈተ። ከሩዝ የማትበልጥ ፍሬ ሆዷ ውስጥ ይህን ሁሉ ገደል ይዛ ነበር!

አዲሱን ውጤት አትማ በሩን ከፈተችና ወረቀቱን ባለቤቱ ደረት ላይ ለጠፈችው። «ፒቪሲ ነው። ላዩ ብቻ ሰም ተቀብቷል።»

«አሃ! የድሮ ፍቅር ተነሳብሽ!»

ሠራተኛው ሳቁ አመለጠው። «እሷ? ለኔ?»

«አንተ ዝም በል!» አለች፤ ወደ ባለቤቱም ዞራ፣ «ካላመኑ የፈለጉት ላቦራቶሪ ይውሰዱት። ቆርጣችሁ ለኩ ብቻ ይበሏቸው።»

ባለቤቱ ወረቀቱን አገላበጠው፤ ጥርሱን ነከሰ። «ሂድና ማሽኑን አጽዳ» አለ ሠራተኛውን ሳያይ፣ ሻጩን በስልክ እየተሳደበም ደረጃውን ወረደ።

ሠራተኛው አልተከተለውም።

«ላመሰግንሽ ብለህ ከሆነ የቆምከው እንዳትሞክራት» አለች።

«ኧረ እኔስ ላመሰግንሽ አይደለም። ፒቪሲ መሆኑን ስታዪ ምን ተሰማሽ?»

«አንጀቴ ነው ያረረው!»

«እሱን ለመስማት ነው የቆየሁት» አለና እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ።