በግራው በኩል

ባሌን ስትሮክ ከመታው በኋላ ለሕክምና ሞጣ በከረምንበት ጊዜ፣ ልጠይቅ ብሎ የመጣውን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከልቤ ናቅሁት። ንቀቴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ከቢቸና ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ያረፍነው ታላቅ እህቱ ቤት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነገሩን በቀላል አማርኛ አስረዳን፤ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ግን የአንጎሉ ቀኝ በኩል ስለተጎዳ በግራው ያለውን ሁሉ ረስቶታል። እውነትም ጢሙን ሲላጭ የግራ ጉንጩን ይተወዋል። ከትሪው የቀኙን ግማሽ ይበላና «ቁራሽ ነው እንዴ የምትሰጡኝ?» ብሎ ይቆጣል። ግራ እጁን ብናሳየው «የማን ነው?» ይላል።

መድኃኒቱ የሚዋጥ አልነበረም። ግራ እጁን በሻካራ ፎጣ ማሸት፣ ግራ አንገቱ ላይ የምትነዝር ትንሽ መሣሪያ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ የሚወደው ሰው ሁልጊዜ በግራው ተቀምጦ እንዲጠራው ማድረግ ነው። «በቀኙ ከመጣችሁለት ምን ብሎ ይዞራል?» አለን ባለሙያው። የሚወደው ሰውማ እኔ ነኝ ብዬ በግራው ተቀመጥሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍሁት አንደኛ ክፍል ሳስተምር ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ የገባው ነገር ለእነዚህ ጎልማሶች አልገባ አለ። እህቱ አልጋውን አዞረችና ቀኙን ወደ በር አደረገችው። «እንግዳ ገብቶ ሳያየው ሊቀር ነው? ነውር አይደለም?» አለችኝ። እኔ ስመልሰው እሷ ስታዞረው ከረምን። ጠያቂው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል፤ ከግራ ሰላም ብሎ መልስ ሲያጣ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ በቀኝ ዞሮ ሲታይ ይፈካል። ታዲያ ሁሉም በቀኝ ተኮለኮለ። የመጡት ሊጠይቁት ሳይሆን ሊታዩለት ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ስለ እኔ ጠየቀው።

«እሷማ የት አለች! ቢቸና ተመችቷት ቀርታለች» አለ ባሌ። ያን ጊዜ ግራ እጁ በሁለት እጄ መካከል ነበር። «አለሁ እኮ!» አልሁት። ድምፄን ሰምቶ ወደ ቀኝ ዞረና እህቱን፣ «ምን አልሽኝ?» አላት።

እዚህ ላይ የበሽታው ነገር የተነገረው ሰው ያዝናል። እነሱ ግን ተጠቃቀሱ። ምን ብትበድለው ነው እንዲህ የተጠየፋት? የበሽተኛ ልብ አይዋሽም ተባለ። እኔ ባስረዳሁ ቁጥር ጥፋቴ እየገዘፈ ሄደ። በቀኙ ሄጄ ብቀመጥ ስሜ በአንዲት ደቂቃ ይጸዳ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ግን እሱ እንዳይዞር ራሴ ፈረድሁበት ማለት ነው። ስለዚህ ስሜ ይጥፋ ብዬ እዚያው ቀረሁ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች መጡ። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ! ሳይጠሯቸው አቤት ማለት ይኸ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እንደ ልማዳቸው በቀኝ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ወደዚህ ዙሪና እግሩ ላይ ውደቂ» አሉኝ ትልቁ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከዚህ አልነሣም።»

«ትዕቢትሽ ነው እዚህ ያደረሰሽ!» አለች እህቱ።

ንዴቴን የምወጣበት ባጣ መሣሪያዋን አንገቱ ላይ ደገንሁና ፎጣውን አንሥቼ እጁን ፈተግሁት። ስሙን እየጠራሁ ፈተግሁት። ሽማግሌው ስለ ትዳር ክብር ሲተርቱ እኔ እፈትጋለሁ።

«ኧረ እጄን! ልትልጭው ነው?» አለ።

እጄን አለ። ከታመመ ወዲህ ያን እጅ እጄ ብሎት አያውቅም። ከዚያ አንገቱ ቀስ እያለ ዞረ፤ ዓይኑ መጀመሪያ ፎጣውን፣ ቀጥሎ ክንዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን አገኘ።

«አንቺ! ዛሬ ገና መጣሽ?»

«ተመስገን፣ ይቅር አላት!» አሉ ሽማግሌው። እህቱ እልል አለች።

እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

«አያችሁ፣» አሉ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ጥፋቷን አመነች።»