አክስቴ ኮሜዲ ያየች ቀን

አክስቴ ሥጋ ቆራጭ ናት፤ የበሬ ጭን ብቻዋን ትሸከማለች። በቴሌቪዥን እያየች የምታብድለት አንድ ተዋናይ አላት። እሱን በአካል ልታይ ቲያትር ቤት ጎትታ ወሰደችኝ። የጥንት እንግሊዛዊ የጻፈው ኮሜዲ ነው፤ የሷ ሰው ሎሌ ሆኖ ይጫወታል። ጌታው በዱላ ሲወቅጠው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

አክስቴ ብድግ አለች። "እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!" ብዬ ቀሚሷን ብይዝ ገፍትራኝ መድረኩ ላይ ወጣች። ጌታውን አንድ ቡጢ ስታቀምሰው ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ሰዉ ጭራሽ ባሰበት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያ የምትሳሳለት ተዋናይ ፀጉሯን ጨምድዶ መሬት ለመሬት ጎተታት። ሰዉ አሁንም ሳቀ።

ፖሊስ ጣቢያ ደሟን እየጠረግኩላት፣ "ምን ነካሽ?" አልኳት።

"ባሌ ሲደበድበኝ ጎረቤቱ ልክ እንደዚህ ነበር የሚስቀው" አለችኝ።